በሁዳዴ የሚቀረጽ ፋሲካ

የፋሲካ የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚቀረጸው በሁዳዴ ነው። ተመልካች ይህን አያስበውም፤ እኔም ሥራው ውስጥ እስክገባ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። በበዓሉ ቀን ሰው ሆዱን ሞልቶ ሶፋ ላይ ተንጋሎ የሚያየው ያ ሁሉ የዶሮ ወጥ፣ ያ ሁሉ ሳቅና ጉርሻ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት በጾመኞች መካከል የተሠራ ነው። ወጡን የምትሠራው ሴት ጨዉን አትቀምስም። ካሜራማኑ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳን በአፉ አልዞረም። አባት ሆነው የሚተውኑት አንጋፋ ሰው ጉርሻውን ወደ አፋቸው ያስጠጉና "ካት" ሲባል መልሰው ሳህኑ ላይ ያስቀምጡታል። ከሩቅ ሲታይ ያስኬዳል። ካሜራው ሲጠጋ ግን አንድ ሰው የግድ መብላት አለበት። ማኘክና መዋጥን ማስመሰል ይቻላል የሚል ካለ፣ ስድስተኛ ሳምንቱን የያዘ ጾመኛ ዶሮ ፊት ተቀምጦ አላየም።

ያ የሚበላው ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት አጃቢ ተዋናይ ነበርኩ። ሰርግ ቤት አጨብጭቤያለሁ፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ታምሜያለሁ፤ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ዋናዋ ተዋናይ ስታለቅስ ጃንጥላ ይዤ አራት ጊዜ ከኋላዋ አልፌያለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ምኞቴ ትልቅ አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የፈለግሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር፣ እናቴም ተቀምጣ ብትሰማኝ።

እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ያደገችበት የገብስ ማሳ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ ስለ እሱ ብዙ አታወራም። ከደንበኞቿ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ትከራከራለች፤ እኔን "ኢንተሎ" ትለኛለች፣ "አንቺ ልጅ" እንደማለት። ስኳር አለባት። ሐኪሙ ሆዷን ባዶ አድርጋ እንዳትውል አስጠንቅቋታል፤ የንስሐ አባታችንም ጾሙን በምግቡ ዓይነት ብቻ እንድትጠብቅና ሰዓቱን እንድትተወው ፈቅደውላታል። እሷም ለሁለቱም ታዛለች። ጠዋት ከጾሙ ምግብ ትቀምስና ክኒኗን ውጣ ገበያ ትወርድ ነበር። እንዲህ ነበር፣ እኔ ነገሩን እስካበላሸው ድረስ።

ረዳት ዳይሬክተሯ የደወለችልኝ ጉርድ ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ነው። ቀልጣፋ ልጅ ናት፣ ሰላምታ አታበዛም።

"የፋሲካ ፕሮግራም ይዘናል። ትጾሚያለሽ?"

"ለምን?"

"ክሎዝ አፕ ላይ የምትበላ ልጅ አጣን። የምናውቃቸው በሙሉ ይጾማሉ። ሙስሊም እንዳንጠራ ሥጋው የክርስቲያን ነው። ጴንጤ ብናገኝ ብለን ነው።"

እኔ የተወለድኩት ከየካ ሚካኤል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ክርስትና የተነሣሁት እዚያው ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም።

"ጴንጤ ነኝ" አልኳት።

"ተባረኪ በቃ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቦታውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለምን እንደዋሸሁ ብጠየቅ ረጅም መልስ የለኝም። ከኋላዬ ያሉት ይገፉኛል፣ እሷ ስልኩን ልትዘጋ ነው፣ ከዘጋችው ሌላ ልጅ ትጠራለች። ካሜራው ፊቴን ሞልቶ ሲይዘኝ ብቻ ነው የታየኝ። ፊቴን አንዴ ካዩት ያናግሩኛል ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነበርኩ፤ ግን ሞኝነቴን ያኔ ማንም አልነገረኝም።

ቀረጻው እንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ላይ፣ ለቀረጻ በሚከራይ አንድ ቪላ ውስጥ ነበር። ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ከጓዳ የቅቤው ሽታ ይመጣል፤ ባለሙያው ሁሉ ወደዚያ ላለማየት ወደ ስልኩ አቀርቅሯል። አባት ሆነው የሚተውኑት አንጋፋ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አንቺ ነሽ የምትበዪልን?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታድለሽ። እኛ እዚህ በዓይናችን ነው የምንገድፈው" አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

"አክሽን" ተባለ። ጋሼ ጠቅልለው አጎረሱኝ። አፌን ምራቅ ሞላው። የማፍረው በዚህ ነው፤ ጣፈጠኝ። እየመረረኝ ብውጠው ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ያን እናገር ነበር። ዳይሬክተሩ ከስክሪኑ ኋላ ሆኖ "ፊቷን አያችሁት? ፋሲካ ማለት ይሄ ነው" አለ። መብራቱ ተስተካክሎ እንደገና፤ የጋሼ እጅ ፊቴን ጋርዶ እንደገና፤ ከታች ከሚካኤል የቀትር ጸሎቱ በድምጽ ማጉያ ገብቶብን እንደገና። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቀረጻውን አቁመን ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። እኔ አፌ ውስጥ የዶሮ ሥጋ ይዤ ነበር የጠበቅሁት። በዚያ ቀን ብቻ ስምንት ጊዜ ጎረስኩ፤ ቀረጻው ደግሞ ሦስት ቀን ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሽሮና ጎመን ቀረበ፤ ቡድኑ በሙሉ ተሰበሰበ፤ እኔም ቀስ ብዬ መሀላቸው ልገባ ስል ወጥ የሠራችው ሴት ጠራችኝ።

"አንቺ ወዲህ ነይ። ያንቺን ለብቻ አስቀምጬልሻለሁ።"

የተረፈውን ዶሮ ከነእንቁላሉ፣ ክዳን ከድናበት፣ ሙቀቱ እንዳይሄድ በፎጣ ጠቅልላ አስቀምጣልኛለች። እሷ ራሷ ከሌሊቱ ጀምሮ ቆማ ሠርታ ያልቀመሰችውን። "እነሱ ናቸው እንጂ የተቸገሩት አንቺ ለምን ሽሮ ትበያለሽ" አለችኝ። ደግነት ነው፤ እንቢ ብላት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለች ደግሞ ሁሉም ይሰማል። ድምጽ የሚቀዳው ልጅ ደግሞ "እስቲ በናንተ ሥርዓት ጸልዪልን" አለኝ። ጎረቤታችን ያሉት ጴንጤዎች ማዕድ ሲባርኩ ሰምቼ ስለማውቅ ዓይኔን ጨፍኜ "ጌታ ሆይ ስለዚህ ማዕድ ተመስገን" አልኩ። አሜን አሉ። እነሱ ሽሯቸውን፣ እኔ ዶሮዬን በላን። ካሜራ ፊት የበላሁትን ሥራ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል እችል ይሆናል፤ ያን ምሳ ግን ምን እለዋለሁ?

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ሠርታ ሰፌድ ከድናበት ጠበቀችኝ።

"ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትቀምሺ። ነይ ብዪ" አለች። በላሁ። "ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።"

"ቀረጻው ላይ ወጥ ነበር። ሽታው ነው።"

"ውይ፣ እንዴት ቻላችሁት" ብላ አዘነችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፤ ልጄ በቴሌቪዥን ትወጣለች ብላ ከሳምንት በፊት ነግራቸዋለች። ቤቱ ሞላ። ፊቴ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ ሲል እልል ተባለ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው እኔ አፏን ከፍታ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አኘከች፤ ዓይኗን በደስታ ጨፈነች። ከዚያ ሌላ ሰው ተናገረ፤ እሷ ወደምትበላው ተመለሰች። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ስክሪኑ ላይ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። እልልታው እንዳለቀ ወረዳ የምትሠራው ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረች።

"ይሄ ግን መቼ የተቀረጸ ነው? በጾም መሆን አለበት አይደል?"

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ እናቴን አየሁ። እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰች።

"የጾም ወጥ ነው እኮ። ከእንጉዳይ ነው የሚሠሩት፤ ቅቤው ዘይት ነው። በርበሬውን የሰጠሁት እኔ አይደለሁ?"

በርበሬ አልሰጠችም። እንጉዳይም አልነበረም። እናቴ ገበያ ላይ ሚዛን ሲያጋድል እንኳ ለገዢው የምትናገር ሴት ናት። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመችበትን አፍ በፋሲካ ቀን በእኔ ውሸት አስፈታኋት። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ቆየች። ስትወጣ ዳቦውን አዞረች፤ ስለ ጉዳዩ ያን ቀንም፣ ያን ሳምንትም አንድ ነገር አላለችኝም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ ያኔ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም ገብቶ፣ ከእናቴ አጠገብ ቅመም የምትሸጠው ሴት ደወለችልኝ። እናቴ ከኮረሪማው ጆንያ ኋላ ተዝለፍልፋ ወድቃለች። ጤና ጣቢያ ስደርስ ግሉኮስ ሰጥተዋት ነቅታለች። ነርሷ በቁጣ አየችኝ። "ክኒኑን ውጣ ምግብ አልበላችም። ስኳሯ እታች ወርዶ ነው የመጣችው። ቤት ውስጥ የሚያያት ሰው የለም?"

ቤት ወስጄ አስተኛኋትና ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

"ሦስት ቀን ነው የበላሽው ወይስ አራት?"

የጠየቀችኝ ገብቶኛል። "ሦስት" አልኳት።

"ለአንዱ ቀን ሰባት፣ ሰባት ቀን ይዤልሻለሁ። በሃምሳው ቀን አይጾምም፣ እሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። እስከ ዘጠኝ ነው የምቆየው፤ ምንም አይደለም።"

"እማዬ፣ ሰው ለሰው ይጾማል እንዴ?"

"አላውቅም ኢንተሎ። አይሆንም ካሉኝ ያን ጊዜ እዚያ ይነግሩኛል።"

አለቀስኩ። ሥራውን እተወዋለሁ አልኳት፤ ነገ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት። ያኔ ነው ዞራ ያየችኝ።

"ማን ተዪ አለሽ? ስትበዪ ብቻ ነው እኮ ያየሁሽ። ስትናገሪ ሳልሰማሽ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ስትለኝ ቀለል አለኝ። ለመተው የምፈልገውን ያህል ላለመተው ምክንያት እፈልግ ነበር፤ እናቴ ሰጠችኝ። ክኒኗን ደበቅሁ፤ አገኘችው። ጠዋት ጠዋት አፏ ድረስ እንጀራ ይዤ ቆምኩ፤ በእጇ ገፋችው። ገበያ ድረስ ተከትያት ወረድኩ፤ ደንበኞቿ ፊት ልጨቃጨቃት አልቻልኩም። በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን ለመንኳቸውና መጡ።

"ፈቅጄልሽ አልነበረም ወይ?" አሏት።

"ፈቅደውልኛል አባቴ።"

"ታዲያ ለምን ራስሽን ትጎጃለሽ?"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?"

ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መናገር ግን በሁዳዴ የበላሁትን፣ ሃይማኖቴን የካድኩትን፣ በውሸት ማዕድ የባረክሁትን ሁሉ መናገር ነው። እናቴ አየችኝ፤ አትናገሪ የሚል አስተያየት ነው። "የማውቀው የለም አባቴ" አልኩ። እሳቸው አዝነው፣ መክረዋት፣ መስቀል አሳልመውን ሄዱ። እናቴ በሩ ድረስ ሸኘቻቸውና ተመልሳ በርበሬዋን መንፋት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየዓመቱ ሆነ። የገናውም ፕሮግራም የሚቀረጸው በጾም ስለሆነ ለገና ይጠሩኛል፣ ለፋሲካ ይጠሩኛል። አንድ ቀን ረዳት ዳይሬክተሯ ቆማ ስትደውል ስልኳ ላይ ስሜን አየሁት፤ ከስሜ ቀጥሎ "ትበላለች" ብላ መዝግባኛለች። የሌሎቹ ልጆች ስም ላይ "ትዘፍናለች"፣ "ታለቅሳለች"፣ "መኪና ትነዳለች" የሚል አለ። የሚናገር ገጸ ባሕርይ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

"አንቺን ለበዓል ነው የምናውቅሽ። ፊትሽ ሲበላ ነው የሚያምረው" አለችኝ። ልታስደስተኝ ነው እንዲህ ያለችው።

እኔ በበላሁ ቁጥር እናቴ ቀኖቹን ትይዛለች፤ የእኔ ልብሶች ከእሷ ቅመም የተለየ ሽታ ይዘው ሲመጡ ማወቅ አያቅታትም። ቀረጻ የለኝም ብዬ ብወጣ እንኳ ታውቃለች። እየከሳች ሄደች። እግሯ ላይ ያለ ቁስል ቶሎ አልድን አላት። ሐኪሙ ለእኔ ይናገራል፣ እኔ ለእሷ እናገራለሁ፣ እሷ "እሺ" ትላለች።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ስልኩ ጮኸ። ጾም ነው፣ በዓል ግን የለም፤ ገረመኝ።

"ተከታታይ ድራማ ነው" አለች ረዳት ዳይሬክተሯ። "ማዕድ ያለበት ትዕይንት ስለሆነ ያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ግን የምትበላው ሌላዋ ናት። አንቺ ትናገሪያለሽ።"

ሳልጮህ የቀረሁት ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነበር። ባሏ የሞተባት እናት እህል አልቀምስ ብላ ተኝታለች፤ ልጇ አጠገቧ ተንበርክካ ትለምናታለች። የእኔ ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺልኝ።" መለማመድ አላስፈለገኝም። ሁለት ሰኔ ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስለማመደው ከርሜያለሁ።

በቀረጻው ቀን ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ከአልጋ መነሣት ከተወች ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ግን ተነሥታ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ክኒኗን አስቀምጬ፣ እንጀራና ምስሩን አጠገቧ አድርጌ ወጣሁ።

አንዴ ብቻ ነው የተቀረጽነው። ጉርሻውን ይዤ ተንበረከክሁ፤ ዓረፍተ ነገሬን ተናገርኩ። እናት ሆና የምትተውነው ሴትዮ ዓይኗ እንባ ሞላና አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አኘከችና ዋጠች። "ካት" ተባለ። ዳይሬክተሩ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። "ከየት ነው ያመጣሽው?" አለኝ። ሁለተኛ አያስፈልግም አለ። ረዳት ዳይሬክተሯ ስልኳን አውጥታ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን ስትቀይር አየኋት።

ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ነበር። ምስሩ እንዳስቀመጥሁት አለ። ክኒኗ ከብርጭቆው አጠገብ አለ። እናቴ በትራስ ተደግፋ ጠብቃኛለች።

"ተናገርሽ?"

"ተናገርኩ።"

"ምን አልሽ?"

እንጀራውን ቆርሼ ምስሩን ጠቀለልኩ። አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ልነግራት አልነበረም። ላስመስልም አልነበረም፤ እንዲህ ተንበርክኬ ለምኛት አላውቅም።

"እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺልኝ።"

ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ፊቷ በራ። እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

"እንዴት አሳምረሽ ነው ያልሽው" አለችኝ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ጉርሻው እጄ ላይ ደረቀ።